የወንድይፍራው የንብ ቤት

ነፋስ አፋፍ በምትባለው የመንዝ ደጋ መንደር፣ አንድ ሰው ነገር ሲያስረዱት ገና ከወገቡ ሳያደርሱት «በቃ፣ በቃ» ብሎ ብድግ ካለ፣ በዙሪያው ያሉት ሰዎች እርስ በርስ ይጠቃቀሳሉ። አንዱን ሳል ሳል ይለዋል፤ ሌላዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። ከዚያ አንድ ሽማግሌ አንዲት አጭር አባባል ጣል ያደርጉና ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እንግዳ ሰው ካለ «ይህ ደግሞ ምኑ ያስቃል?» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው፤ አባባሏን ብቻዋን ለሰማት ያን ያህል አታስቅም። የሚያስቀው መነሻዋ ነው፤ መነሻዋ ደግሞ ልብስ ሰፊው ወንድይፍራው ነው።

ወንድይፍራው በነፋስ አፋፍ የመጀመሪያውና ብቸኛው የስፌት መኪና ባለቤት ነበር። መኪናዋን ከደብረ ብርሃን በአህያ አስጭኖ ሲያመጣት መንደሩ ወጥቶ እንደ ሙሽራ በእልልታ ተቀብሏታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በረንዳው ላይ ተሰይማ፣ በየማለዳው ተወልውላ፣ ዘይቷን ጠጥታ፣ ከሚስቱ ከበለጥሻቸው ቀጥሎ የምትከበር እመቤት ሆነች። ክፉዎች ግን «ከበለጥሻቸው ቀድማ ነው» ይላሉ። እጁም ቢሆን መኪናዋን የሚመጥን እጅ ነበር። ሱሪ ቢሉት ሱሪ፣ ኮት ቢሉት ኮት ነው፤ ቁልፍ ሲተክል ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ችግሩ ጆሮው ላይ ነበር። ሰው ነገሩን ሲጀምርለት እሱ በልቡ ጨርሶት «ገባኝ!» ይልና መቀሱን ያነሣል።

አንድ ጊዜ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ መጥተው «ልጄ፣ ለዳዊቴ ማኅደር ስፋልኝ። ወፍራም ይሁን፣ ማንገቻ ይኑረው፣ ስፋቱ ደግሞ...» ሲሉት፣ «ገባኝ፣ አባቴ!» አላቸው። በሦስተኛው ቀን ያስረከባቸው ማኅደር አንድ ቁና ገብስ የሚይዝ ነበር። መሪጌታም ሰው ማስቀየም አይወዱምና አመስግነው ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ በቅሏቸው አፏን እዚያ ውስጥ ከትታ ስትቆረጥም ትታይ ጀመር።

«ሰው ሁሉ ቁልፍ ያስተክለዋል፤ እሱ ደግሞ ጆሮውን ተክሎ ዘግቶታል» ትል ነበር በለጥሻቸው።

በኅዳር አጋማሽ የሴት ልጁ የትርንጎ የሠርግ ቀን ሊቆረጥ ሽማግሎች መጡ። የሙሽራው አባት ባላምባራስ አሰግደው ከማዶው ጋራ በበቅሎ ተሻግረው ነበር። ጨዋታ የሚወዱ፣ ነገር ግን ብርድ ጉልበታቸውን የሚነዘንዛቸው ሽማግሌ ናቸው። ሠርጉ በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ እንዲሆን ስምምነት ሆነ። ጠላው እየዞረ ሳለ የአፋፉ ነፋስ በበሩ ሹልክ ብሎ ገባና ባላምባራስ ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ። ይህን ጊዜ የነወንድይፍራው ጎረቤት ደብሪቱ ከትከሻዋ ላይ ያለውን ድሪቶ አውርዳ ጉልበታቸው ላይ ዘረጋችላቸው።

ደብሪቱ የባቡር ሠራተኛ ሚስት ሆና ድሬዳዋ ሃያ ዓመት ኖራ፣ ባሏ ሲሞት በቅርቡ ወደ አገሯ የተመለሰች ሴት ናት። ድሪቶ ሲባል የመንዝ ሰው የሚያውቀው አሮጌ ጨርቅ በአሮጌ ጨርቅ ላይ የተደረተበትን የድኻ ልብስ ነው። የደብሪቱ ግን ሌላ ነበር። አቡጀዲው፣ ካኪው፣ አበባማው ቺት፣ ሁሉም መዳፍ በምታህል ባለ ስድስት ጎን ቁራጭ ተቆርጦ፣ ልክ እንደ ማር እንጀራ ጎን ለጎን ገጥሟል። ስፌቱ በዓይን አይገኝም። የተሸበሸበ፣ የተነፋ፣ የተጎተተ ቦታ የለውም፤ እንደ ረጋ ወተት ተኝቷል።

«የንብ ቤት ይባላል» አለች ደብሪቱ፣ ሁሉም ሲያፈጡበት።

ባላምባራስ በጣታቸው ዳበሱት። «ይህን የሰፋ እጅ ይባረክ! እኛ ድሪቶን ስንንቅ ኖርን፤ ይሄስ ለሙሽራ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰፊ በዚህ አገር ያለ አይመስለኝም።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ወንድይፍራውን እንደ መርፌ ወጋችው። በገዛ ቤቱ፣ መኪናዋ በረንዳ ላይ ቆማ እየሰማች!

«ይሄ? ይሄማ ቀላል ነው!» አለ። «ለልጄ ለትርንጎ እኔው ራሴ እሰፋላታለሁ። ከዚህ ይሰፋል፣ ከዚህ ያምራል።»

«ቀላል እንኳ አይደለም፣ ወንድሜ» አለች ደብሪቱ በለሆሳስ። «አንዲት አርመናዊት ጎረቤት ነበረችኝ፤ ቁጭ አድርጋ ስታስተምረኝ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።»

«አንቺ ሁለት ዓመት ይፍጅብሽ! እኔ ለገና አደርሰዋለሁ። ባላደርስ መኪናዬን ውሰጂ!»

በለጥሻቸው የያዘችው ማንቆርቆሪያ ከእጇ ወደቀ። «አንተ ሰውዬ! ልጅህን ልትድር ተቀምጠህ መኪናህን ትድራለህ?»

«ወንድ ልጅ ተናገረ፣ ተናገረ ነው» አለ ወንድይፍራው። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ግን ወደ መኪናዋ ዞር ብሎ አየ። ሱሪ የማይሰፋ ወንድይፍራው ማን ነው? በዚህ ደጋ ምን ሠርቶ ይበላል?

ባላምባራስ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ምስክር ነን። ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ መጥተን እናያለን» አሉ። ደብሪቱም «ከቻለ ይህ የኔው ድሪቶ ጭማሪ ይሁንለት። ማስተማሩንም እኔው አስተምረዋለሁ፤ ነገ ይምጣ» አለች።

በማግሥቱ ወንድይፍራው ጧት ቤቷ ደረሰ። ደብሪቱ በርጩማ ሰጥታው ወረቀት፣ ጨርቅና መርፌ አወጣች።

«ይኸውልህ፣ መጀመሪያ ወረቀት ትቆርጣለህ። ጨርቁን በወረቀቱ ላይ ታጥፍና ጠርዙን በረጃጅም ስፌት ያዝ ያዝ ታደርገዋለህ፤ ወረቀቱ ውስጥ ሆኖ ቅርጹን ይይዝልሃል። ከዚያ ቁራጮቹን ጠርዝ ለጠርዝ በጀርባቸው በኩል በእጅ ትገጥማለህ። አሁን ዋናው ነገር የወረቀቱ ጎን...»

«ገባኝ!» ወንድይፍራው ተነሥቷል።

«ምኑ ነው የገባህ? ገና ስንት እንደሆነ አልነገርኩህም!»

እሱ ግን አጥሩን ተሻግሯል። ደብሪቱ ከደጃፏ ላይ እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ቁጠረው! ኧረ ቁጠረው!» ብላ ጮኸች።

«ቆጥሬዋለሁ!» አላት እጁን እያውለበለበ። «አርባ ቀን አለኝ!»

ቤቱ ሲደርስ ወረቀት ዘርግቶ አሰበ። ጎኑ ብዙ ነበር። ስንት? እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን አየ። አምስት ጣት፣ አምስት ጎን፤ ጥሩ ቁጥር ነው። ወንድይፍራው ሥራ ከጀመረ አይቻልምና በሳምንቱ ሦስት መቶ ባለ አምስት ጎን ቁራጭ ቆርጦ፣ በወረቀት ሞልቶ ቆልሎ ተቀመጠ። ከዚያ መግጠም ጀመረ። አንዷን መሐል አደረገ፤ ዙሪያዋን አምስት ገጠመባት። ሲጨርስ ጨርቁ እንደ ጣባ ጎድጉዶ አየው።

በመዳፉ ተጫነው። ተኛ። እጁን ሲያነሣ ብድግ አለ። ካውያ አግሎ ተኮሰው። እንደ እንቁራሪት ዘለለ። ተቀመጠበት፤ ሲነሣ አብሮት ተነሣ። «እልኸኛ ነህ? እኔም እልኸኛ ነኝ» አለና ስድስት ጨመረበት። አሁን ጣባው አፉን ዘጋና ድቡልቡል ሆኖ ከጠረጴዛው ላይ ተንከባሎ ወረደ።

በለጥሻቸው በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

«ምንድን ነው?»

«ናሙና ነው።»

«የምን ናሙና? ልጃችን የምታገባው ድመት ነው እንዴ?»

በማግሥቱ ወንድይፍራው ኳሱን በጋቢው ሸፍኖ ደብሪቱ ዘንድ ሄደ። ደብሪቱ አየችው፤ አገላበጠችው፤ ከዚያ ቀስ ብላ ምሰሶውን ተደግፋ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ፣ መቀነቷ እስኪላላ ሳቀች። ወንድይፍራው መሬት መሬቱን ያያል።

«አምስት!» አለች በመጨረሻ ትንፋሿን ሰብስባ። «ንብ እንኳ ያለ አስተማሪ የምታውቀውን! ስድስት ነው፣ ወንድሜ፣ ስድስት ጎን!»

«ስድስት!» ፊቱ በራ። «እሱን ነዋ! ገባኝ!»

«ቆይ! አምስቶቹን ግን...»

ማን ይቁም? ደብሪቱ ልትለው የነበረው «አምስቶቹን ግን አንድ እንኳ እንዳታስገባ» ነበር። ይህን የሰማው ምሰሶው ብቻ ነው።

ወንድይፍራው አሁን ባለ ስድስት ጎኑን ይቆርጥ ጀመር፤ ሲገጥመውም የምሩን ተኛለት። አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ እየሰፋ ሲሄድ እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ያለ ሆነ። ወንድይፍራው በደስታ መርፌውን ከንፈሩ ላይ ነክሶ እስክስታ መታ። መኪናዋን ሳማት። «አንቺን ማን ይወስድሻል!» አላት። ነገር ግን በቁራጭ ጨርቅ ያደገ ሰው ጨርቅ መጣል አይሆንለትም። ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ባለ አምስት ጎን ቁራጭ ከጎኑ ተቀምጦ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። «እዚህም እዚያም ጣል ጣል ባደርጋቸውስ? እንደ ጌጥ ይሆናሉ» አለ። ጣል አደረገ።

አንድ አምስት ጎን በገባ ቁጥር ድሪቶው በዚያ በኩል ትከሻውን ሰበቅ ያደርጋል። በሁለተኛው ጎበጥ አለ። በአራተኛው ጃንጥላ መሰለ።

«ይሄ ነገር ያበጠ አልመሰለህም?» አለች በለጥሻቸው።

«ገና ስላላለቀ ነው። ሊጥም ሲቦካ ያብጣል፤ ሲጋገር ይተኛል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሄደህ ሴትዮዋን ጠይቃት።»

«የገባኝን ነገር ምን ብዬ ልጠይቃት?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በለጥሻቸው በመኪናዋ አጠገብ ባለፈች ቁጥር እንደ ለቅሶ ቤት ከንፈሯን ትመጥ ጀመር። ይህ ወንድይፍራውን ከስድብ ይልቅ አንገበገበው፤ ስለዚህ ፈጠነ። ስፌቱ የሚሠራው በጀርባ በኩል ነውና ድሪቶው እያደገ ሲሄድ ለመስፋት ከሥሩ መግባት ግድ ሆነ። በረንዳው ላይ በርጩማውን ይዞ ገባበት። ውስጡ ሞቃት ነበር። ብርሃኑ በቀዩና በቢጫው ጨርቅ እየሰረገ ሲገባ እንደ ቤተ ክርስቲያን መስኮት ደስ ይላል። ወንድይፍራው እዚያ ተቀምጦ እየዘፈነ ይሰፋል፤ የሚበላውንም በለጥሻቸው በሥሩ ታሾልክለታለች።

ያ የተባለው ቅዳሜ መጣ። ገበያው ከቤቱ በታች ባለው ሜዳ ሞልቷል። ባላምባራስና ሽማግሎቹ ከማዶ እየመጡ ነው ተባለ። ወንድይፍራው ውስጥ ሆኖ አየ፤ የቀረችው አንዲት ቀዳዳ ናት፣ መዳፍ የምታህል። በሰም የታሸ እጥፍ ክር አግብቶ፣ በዕድሜው ሰፍቶ በማያውቀው ፍጥነት ገጠማት። ዐሥራ ሁለተኛዋ ባለ አምስት ጎን ጌጥ ቦታዋን ያዘች። ቋጠረ። ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

«ጨረስኩ!» ብሎ ጮኸ። «በለጥሻቸው! ጨረስኩ!»

ሊወጣ ጠርዙን በእጁ ፈለገ። በቀኝ ፈለገ፤ የለም። በግራ ፈለገ፤ የለም። የተቀመጠበትን በርጩማ አንሥቶ ከሥሩ ፈለገ፤ ከሥሩም ተሰፍቷል። ከፍ ብሎ አየ፤ ከላይም ተሰፍቷል።

«በየት ነበር የገባሁት?» አለ ለራሱ።

መቀሱ ውጭ፣ መኪናዋ ላይ ነው። ሊተረትረው ሞከረ፤ ግን የወንድይፍራው ስፌት ነውና በጥፍር የሚበገር አይደለም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሚስቱን ሲጠራ በለጥሻቸው እንግዶቹን ልትቀበል ወርዳለች። ብድግ አለ፤ ድሪቶው አብሮት ብድግ አለ። ወደ በረንዳው ጫፍ ይሁን ወደ ቤት ሳያውቅ አንድ እርምጃ ተራመደ። የበረንዳው ደረጃ እዚያ ነበር።

ደብሪቱ ልትነግረው ደርሳ ያልሰማት ሌላም ነገር ነበር፤ ሲያልቅ ወረቀቱ ይወጣል። የወንድይፍራው ድሪቶ ግን ወረቀቱን ሁሉ እንደ ተሸከመ ነው። ስለዚህ እንደ ጨርቅ አልተልፈሰፈሰም፤ እንደ ትልቅ ዱባ ድርቅ ብሎ፣ ኮሽ ኮሽ፣ ኮሽ ኮሽ እያለ ቁልቁለቱን ተያያዘው።

ነፋስ አፋፍ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ አበባማ የሆነ፣ ሰው የሚያህል ድቡልቡል ነገር «ያዙኝ! ያዙኝ!» እያለ ወደ ገበያው ወረደ። አህዮች ጭነታቸውን ይዘው ፈረጠጡ። ሸክላ ሻጮቹ እንስራቸውን እያቀፉ ግራና ቀኝ ተከፈሉ፤ ድቡልቡሉም አንድ እንስራ ሳይነካ በመሐላቸው አለፈ። አንዲት አሮጊት «ጠበል! ጠበል አምጡ!» አሉ። ጨው ነጋዴው ሚዛኑን ጥሎ ተንበረከከና ሊናገር ያላሰበውን ኃጢአት ሁሉ በአደባባይ ይናዘዝ ጀመር፤ ኋላ ብዙ ተጸጽቶበታል። ውሾች ተከትለው ወረዱ፤ ዶሮዎች ወደ ሰማይ ወጡ። ወንድይፍራው ውስጥ ሆኖ አንድ ጊዜ ሰማዩ ከላይ፣ አንድ ጊዜ ከታች፣ በርጩማው አንድ ጊዜ ከጎኑ፣ አንድ ጊዜ አናቱ ላይ ነው።

በመጨረሻ ሜዳው ሲደላደል ድቡልቡሉ ፍጥነቱ በረደና፣ ቀስ ቀስ ብሎ ተንከባልሎ፣ ገና ከበቅሏቸው ከወረዱት ከባላምባራስ እግር ሥር ቆመ።

ሰው ሁሉ ከሩቅ ከበበው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ባላምባራስ» አለ ድቡልቡሉ።

ባላምባራስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አብሮ ይስጥልን። ማን ልበል?»

«ወንድይፍራው ነኝ። የልጅዎ አማት።»

«እንዴት ሰነበትክ፣ ወንድይፍራው። ምነው፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ድሪቶውን ላሳይዎት ነው የመጣሁ።»

ባላምባራስ ዞር ዞር ብለው አዩት። «ቆንጆ ነው። ግን አንድ ነገር ጠይቅ ጠይቅ አለኝ፤ ሙሽራይቱ የምትለብሰው ነው ወይስ የምትገባበት?»

ይህን ጊዜ ገበያው ፈነዳ። የቆመ ሰው አልቀረም፤ ሁሉም ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። በለጥሻቸው እየሳቀችም እያለቀሰችም መቀሱን ይዛ ሮጣ ደረሰች። ልትቀድ ስትል ግን አንድ እጅ ያዛት። ደብሪቱ ነበረች።

«ቆይ፣ እኅቴ» አለች። «ይህ ሰው ከተወለደ ጀምሮ ተነሥቶ መሄድ የማይችልበት ቦታ ተቀምጦ የተገኘው ዛሬ ነው። ይህ ቀን ሊባክን ነው?»

በርጩማ አስመጣችና ከድቡልቡሉ ፊት ተቀመጠች። ገበያተኛው ተጠጋ። ደብሪቱ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች።

«መጀመሪያ ወረቀት ትቆርጣለህ።»

«እሱንማ ገባ...»

«ዝም!» አለ ገበያው በአንድ ድምፅ። ባላምባራስም በከዘራቸው ድሪቶውን መታ መታ አደረጉት።

ወንድይፍራው ቀሪውን ቃል ዋጠው። መጀመሪያ እፍረት ጆሮውን አጋለው። ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ደንበኛው ነው፤ ሱሪውን የሰፋለት፣ ኮቱን ያጠበበለት። ነገ በምን ዓይኑ ያያቸዋል? ቀስ በቀስ ግን እፍረቱ ደከመውና የደብሪቱ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሳትቸኩል፣ እያንዳንዱን ነገር በቦታው እያስቀመጠች ትናገራለች።

«ባለ ስድስት ጎኖቹ ሦስት ሆነው አንድ ነጥብ ላይ ሲገናኙ ዙሪያውን ይሞሉታል፤ የሚተርፍም የሚጎድልም የለም፤ ለዚህ ነው የሚተኙት። ከሦስቱ አንዷን ባለ አምስት ካደረግኻት ግን ቦታው ይጎድላል። ጨርቁ ያንን ጉድለት ሊዘጋ ሲል ብድግ ይላል። ሳይወድ ነው የሚጎብጠው።»

ወንድይፍራው በጨለማው ውስጥ፣ አይ፣ ጨለማ እንኳ አልነበረም፣ በዚያ በቀይና በቢጫ ብርሃን ውስጥ፣ ጣቱን በአንዲት ባለ አምስት ጎን ዙሪያ አዞረ። እውነቷን ነው። እዚህ ጋ ጎድሏል። ሳይወድ ጎብጧል። ስንት ቀን በካውያ ሲያቃጥለው፣ ሲቀመጥበት፣ ሲሰድበው ከረመ! ጨርቁ ግን በራሱ ቋንቋ ሲነግረው ነበር። አንድ የማያውቀው ደስታ፣ ከደረቱ ተነሥቶ እስከ ጣቱ ጫፍ ወረደ።

ደብሪቱ ክር አያያዙን፣ ወረቀት አወጣጡን፣ የጠርዙን አጨራረስ ሁሉ ተናግራ ጨረሰች። «ይኸው ነው» አለች። «አሁን ገባህ?»

ገበያው ትንፋሹን ያዘ። ሰው ሁሉ የሚመጣውን ቃል ያውቀዋል። በለጥሻቸው ዓይኗን ጨፈነች።

ድቡልቡሉ አንድ ጊዜ ኮሽ አለ። ከዚያ በትንሽ ድምፅ «ያቺን የሦስቱን ነገር...» አለ። «እስቲ ድገሚልኝ።»

እልልታው ከማዶው ጋራ ደርሶ ተመለሰ። ባላምባራስ ባርኔጣቸውን ወረወሩ፤ ጨው ነጋዴው ከቆመ በኋላ እንደገና ተንበረከከ። ደብሪቱ የሦስቱን ነገር ደግማ ነገረችው፣ ከዚያ መቀሱን ተቀብላ ድሪቶውን ከአናቱ ቀደደችው። ወንድይፍራው ጢሙ ክር በክር ሆኖ፣ በርጩማውን አንገቱ ላይ አጥልቆ ወጣ።

ቤቱ ሲደርስ ማንም ሳይጠይቀው መኪናዋን ከጠረጴዛዋ ፈታ። በጨርቅ ወለወላት፣ ዘይቷን ሰጣት፣ ተሸክሞም ደብሪቱ ደጃፍ ወሰዳት።

«ቃል ቃል ነው» አለ። «ያንቺ ናት።»

ደብሪቱ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «የኔ ናት» አለች። «ቤቴ ጠባብ ስለሆነ ግን በረንዳህ ላይ ትቀመጥልኝ። ሥራ ፈታ ዝገት እንዳይበላት አንተው ስፋባት። ኪራዩን ደግሞ ስማ፤ አስተውለህ ስማ። በየቅዳሜው እመጣለሁ፤ የማውቀውን እነግርሃለሁ፤ እስክጨርስ ትሰማለህ። እኔ ድሮም የፈለግኩት ጆሮህን እንጂ መኪናህን አልነበረም።»

ወንድይፍራው መሬት ተንበርክኮ ጉልበቷን ሳመ።

ለሠርጉ የቀሩት ሳምንታት ጥቂት ነበሩ። ወንድይፍራው ደብሪቱ እግር ሥር ተቀምጦ አንድ በአንድ እየቆጠረ፣ እየጠየቀ፣ እያፈረሰም ሰፋ። እሑዱ ሲደርስ ድሪቶው የሙሽራይቱን ጉልበት ብቻ የሚሸፍን ነበር፤ ግን እንደ ረጋ ወተት ተኝቷል። ትርንጎ በበቅሎ ላይ ሆና ጉልበቷ ላይ ዘርግታው፣ በየመንገዱ ለሚያያት ሁሉ «አባቴ ነው የሰፋው» ትል ነበር። ያ ትልቁ ድቡልቡልም አልባከነም። ለሁለት ተከፍሎ፣ ለሁለቱ የጠላ ጋን ቆብ ሆነ፤ ለጋን የተለካ ያህል ልክ ነበር።

በድግሱ መሐል ከሩቅ የመጣ አንድ የባላምባራስ ዘመድ እነዚያን ጋኖች አይቶ ዋንጫውን አስቀመጠ።

«ይህ ምን ጉድ ነው?» አለ። «ጋን እንዲህ ያለ የተሸለመ ቆብ ደፍቶ አይቼ አላውቅም። ማን ሰፋው? ለምን ሰፋው?»

ወንድይፍራው ራሱ ከሁሉ ቀድሞ ሳቀ፤ ይህን ጊዜ ባላምባራስ አሰግደው ጉልበታቸውን እየዳበሱ፣ እስከ ዛሬ ድረስ በነፋስ አፋፍ የሚነገረውን ተናገሩ፦ «ሳይገባው ‹ገባኝ› ያለ፣ እንዳለ ገብቶ ቀረ።»